ለአፈር ክምራችን ስለተደረሰ ለቅሶና ስለተረጨ በረኪና

ይድረስ ለተከበሩ የተበከለ አፈር እንክብካቤና ማስዋብ ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ዋና አስተባባሪ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የምክትሎችዎን፣ የምክትሎችዎን ረዳቶችና በስብሰባ ምክንያት ከቢሮ የማይገኙ ባልደረቦችዎን ሁሉ ጤና በአክብሮት እጠይቃለሁ፤ ወገብዎን ወንበሩ እንዳይጎዳው፣ ዓይንዎንም የሚፈርሙት ወረቀት ብዛት እንዳያደክመው እመኛለሁ። እኛ፣ ኮልፌ 18 ማዞሪያ ታክሲዎቹ ከሚዞሩበት ወደ ውስጥ በሚገባው ኮብልስቶን፣ ከአሮጌው ጋራዥ ሥር የምንኖር ነዋሪዎች፣ አላህም እግዚአብሔርም ይመስገን፣ ሁላችንም በሕይወት አለን። ይህን ከሰላምታው ጋር አያይዤ መግለጼ ያለ ምክንያት አይደለም። በጽሕፈት ቤትዎ ሪፖርት ላይ ከመካከላችን ሰው እንደ ሞተ ተጽፎ ስለሚገኝና ሟቹን ብንፈልገው ስላጣነው፣ እርማት እንዲደረግበት ለመለመን ነው።

ጉዳዩን በሥራ ብዛት ረስተውት እንደ ሆነ በአጭሩ ላስታውስዎ። ከቤቶቻችን በላይ ያለው ባዶ ቦታ ለረጅም ዘመን የከባድ መኪና ጋራዥ ነበር። በእነዚያ ዓመታት ከየሞተሩ የሚወጣው የተቃጠለ ዘይት የሚደፋው እዚያው መሬት ላይ ነበር፤ ባለቤቱ ዘግተው ከሄዱ በኋላም ዘይቱ አብሯቸው አልሄደም። አፈሩ ጥቁር ነው። በበጋ ሲረግጡት ጫማ ላይ ይጣበቃል፤ በክረምት ደግሞ ጎርፉ የቀስተ ደመና ቀለም ይዞ ቁልቁል ይወርዳል።

ቁልቁለቱ የሚያበቃው በወይዘሮ አልፊያ ግቢ ነው። ወይዘሮ አልፊያ ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩ እናት ናቸው፤ ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ያስቆፈሩት የውኃ ጉድጓድ በግቢያቸው አለ። የቧንቧ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ፈረቃው በሚዘልልበት ቀን መንደሩ ሁሉ ጀሪካኑን አንጠልጥሎ የሚሄደው ወደ እሳቸው ነው። በሩ ተዘግቶ አያውቅም፤ ሙስሊም ነህ ክርስቲያን ነህ ተብሎ የተጠየቀ ሰውም የለም። ባለፈው ክረምት ግን ባልዲው ሲወጣ ውኃው ላይ ስስ የዘይት ልባስ ታየ። ዝናቡ ሲያባራ ጠፋ። የሚቀጥለው ክረምት ምን ይዞ እንደሚመጣ ለመገመት የጥናት ቡድን ማቋቋም አያስፈልግም ነበር፤ ጽሕፈት ቤትዎ ግን፣ ነገርን በጥልቀት የመመልከት ልማድ ስላለው፣ አቋቋመ። አቤቱታችንን ይዘን በመጣን ቁጥር ጉዳዩ በጥናት ላይ መሆኑ በትሕትና ተገለጸልን። ጥናቱን ላለማደናቀፍ ስንል ሥራውን ራሳችን ጀመርነው።

መንገዱን ያሳየችን ሳያት የምትባል የሰፈራችን ልጅ ናት፤ በዩኒቨርሲቲ የአፈር ሳይንስ ተምራ የተመረቀች፣ አሁንም በዚያው ሙያ የምትሠራ ወጣት ናት። በአፈሩ ውስጥ ዘይቱን ምግባቸው የሚያደርጉ በዓይን የማይታዩ ተህዋስያን ከጥንትም እንዳሉ፣ ሥራው ያቃታቸው ግን አየርና እርጥበት፣ እንዲሁም ከዘይቱ ጋር አብሮ የሚያስፈልጋቸው ሌላ ምግብ ስላጡ መሆኑን አስረዳችን። የእድራችን ዳኛ አቶ ጀይሉ ነገሩን ሰምተው ሲጨርሱ «ወጡ ተትረፍርፎ እንጀራው ነው የጠፋው በይና!» አሏት። ከዚያ በኋላ ማንም ተጨማሪ ማብራሪያ አልጠየቀም።

እንጀራውን ፍለጋ ወጣን። ከበግ ተራ ፍግ፣ ከእንጨት ቤቶች ሰጋቱራ፣ ከቆጮ ሻጮች የተጣለ የኮባ ቅጠል፣ ከጫት ቤቶች ደግሞ ተቅሞ የተረፈውን ገረባ ሰበሰብን። ገረባው በተለይ ለተህዋስያኑ የሚስማማ ሆኖ በመገኘቱ፣ ጆንያ ጆንያውን ለማመላለስ ሁሉም ሰው ተሰለፈ። ከወንጌላውያኑ ጎረቤቶቻችን አንዷ ወይዘሮ የሺእመቤት ጆንያቸውን ተሸክመው «ሃያ ዓመት ሙሉ ሰውን ከዚህ ነገር አድን ብዬ ጸልዬ፣ ዛሬ በጀርባዬ አዝዬው በቸርች በር ልለፍ!» ሲሉ፣ አቶ ጀይሉ ከኋላቸው «ይኸው ጸሎትሽ ሰመረ፤ ገረባው ራሱ ንስሐ ገባ» አሏቸው።

ጥቁሩን አፈር ቆፍረን በላስቲክ ላይ ከመርነው፤ ከሰበሰብነው ጋር ቀላቀልነው፤ ውኃ አርከፈከፍንበት፤ አየር እንዲያገኝ በየጊዜው በአካፋ እናገላብጠው ጀመር። ተራ መያዙም አላስቸገረንም፤ ዓርብ ሙስሊሞቹ ጁምዓ ላይ ሲሆኑ ክርስቲያኖቹ ያገላብጣሉ፤ እሑድ እነዚህ ቸርች ሲሆኑ እነዚያ ያገላብጣሉ። ክምሩ በሁለት ሃይማኖት መካከል አንድም ቀን ጾሙን አላደረም። ውስጡ የተሰካ የፌሮ ዘንግ ነበረ፤ መዝዘው ሲጨብጡት የሚሞቅ ከሆነ ተህዋስያኑ ሥራ ላይ ናቸው ማለት ነው። ከሩቅ መጥቶ ፌሮውን ጨብጦ፣ «እውነትም እየበሉ ነው» ብሎ የሚሄድ ሰው በዛ።

ሳያት ደግሞ ሌላ መፈተኛ አሳየችን። ከጓዳችን የማይጠፋውን ፌጦ በጣሳ ውስጥ ዘራችው። በጥሬው ጥቁር አፈር ላይ የተዘራው አንድም ሳይበቅል ቀረ። ከክምሩ በተወሰደው ላይ በመጀመሪያው ዙር አለፍ አለፍ ብሎ በቀለ፤ በሚቀጥለው ዙር ጣሳው አረንጓዴ ሆነ። ያን ቀን ወይዘሮ አልፊያ ጣሳውን እንደ አራስ ሕፃን ታቅፈው ቤት ለቤት ዞሩ። ሳያት ግን ጥንቁቅ ናት፤ ፌጦ መብቀሉ ተስፋ እንጂ ማረጋገጫ እንዳልሆነ፣ አፈሩ በቤተ ሙከራ መለካት እንዳለበት፣ መለኪያው ያለውም በእርስዎ ጽሕፈት ቤት እንደ ሆነ ነገረችን። ስለዚህ መጥታችሁ ናሙና ውሰዱልን ብለን ለመንን። ከዚህ በኋላ የሆነውን ሁሉ በእርስዎ ቸርነት ያገኘነው ስለ ሆነ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ለቅሶ ስለደረሱን አመሰግናለሁ።

በሚያዝያ ወር ያልተጠበቀ ዝናብ መጣብን። ክምሩ ውኃ ከጠገበ አየር ያጣል፤ ከዚያም አልፎ ዘይቱ ታጥቦ ወደ ወይዘሮ አልፊያ ግቢ ይወርዳል። አቶ ጀይሉ የእድሩን ድንኳን አስወጥተው በክምሩ ላይ ይተከል አሉ። ድንኳኑ ከለቅሶ በቀር ለሌላ ነገር እንዳይወጣ የእድሩ ደንብ ይከለክላልና ክርክር ተነሣ፤ እሳቸው ግን «ሰው ከሞተ በኋላ ከመትከል ሳይሞት መትከል ይሻላል» ብለው ዘጉት። ከድንኳኑ ጋር አግዳሚ ወንበሮቹ ወጡ፤ ወይዘሮ የሺእመቤትም ለሠራተኛው ምሳ እንዲሆን የስንዴና የባቄላ ንፍሮ ቀቅለው አመጡ። ጠዋቱን ሙሉ ስንቆፍርና ቦይ ስናወጣ ውለን፣ ጭቃ በጭቃ ሆነን፣ አንገታችንን ደፍተን፣ ከድካም ብዛት ማንም ማንንም ሳያናግር በየአግዳሚው ላይ ተቀመጥን።

የጽሕፈት ቤትዎ መርማሪዎች፣ ከብዙ ልመና በኋላ፣ ናሙና ሊወስዱ የመጡት በዚህ ሰዓት ነው። ከመኪናቸው ሳይወርዱ ድንኳኑን አዩ። አግዳሚውን አዩ። ንፍሮውንና አንገቱን የደፋውን ሰው አዩ። እንዲህ ባለ ቦታ በወግ ያደገ ሰው ምን እንደሚያደርግ የታወቀ ነው፤ እነሱም በወግ ያደጉ ናቸው። የናሙና ዕቃቸውን መኪናው ውስጥ ትተው፣ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ በዝግታ ገብተው «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብለው ተቀመጡ። ማን እንደ ሞተ አልጠየቁም፤ ለቅሶ ቤት ገብቶ ማን ሞተ ብሎ መጠየቅ ነውር ነውና። እኛ ደግሞ በደረታቸው ላይ የቢሮ መታወቂያ ያንጠለጠሉ ሰዎች ፊታቸውን አጨፍግገው ሲቀመጡ ብናይ፣ እኛ ያልሰማነው ሰው ሞቷል ብለን ደነገጥን። በዚያው ነውር ምክንያት እኛም አልጠየቅንም። ወይዘሮ አልፊያ ወደ ወይዘሮ የሺእመቤት ጠጋ ብለው በሹክሹክታ «ማን ሆኖ ነው የሺ? ከእኔ ደብቃችሁ ነው?» ቢሏቸው፣ «እኔስ ከእርስዎ ወገን መስሎኝ አይደል ዝም ያልኩት!» የሚል መልስ አገኙ።

ንፍሮው ዞረ፤ እንግዶቹም ዘገኑ። በዕድሜ ታላቅ የሚመስሉት መርማሪ ጥቂት የማጽናኛ ቃል ተናገሩ፤ ሰው ከአፈር እንደ መጣ፣ ወደ አፈር እንደሚመለስ፣ ሁላችንም አፈር መሆናችንን አስታወሱን። ሊመረምሩት የመጡት አፈር ከጉልበታቸው አንድ ክንድ ያህል ርቆ፣ በእድሩ ሸራ ጥላ ሥር፣ በእንፋሎት እየተነፈሰ ነበር። አቶ ጀይሉ «አሚን፤ ብቻ ዘይት የሌለበት አፈር ያድርገን» አሉ። እንግዶቹ ራሳቸውን በኀዘን ነቀነቁ፣ ተነሥተው እጅ ነሡ፣ ሄዱ። ሳያት ፍግ ልታስጭን ሄዳ ነበርና ስትመለስ፣ «ከቢሮ የመጡት ሰዎችስ?» ብላ ጠየቀች። ለቅሶ ደርሰውን እንደ ሄዱ ነገርናት። የማንን ለቅሶ ስትለን ሁላችንም ተያየን። እዚያች ላይ ሳቅን፤ እውነቱን ለመናገር ብዙ ሳቅን። ያን ያህል መሳቅ አልነበረብንም።

ሁለተኛ፣ ስለ ሪፖርቱ አመሰግናለሁ። ግልባጩ ለእድራችን ደርሶናል፤ አጭርና ግልጽ በመሆኑ ለሌሎች መሥሪያ ቤቶች አርአያ ሊሆን ይገባዋል። እንዲህ ይላል፦ «በቦታው የሞት አደጋ ደርሶ ነዋሪዎቹ በለቅሶ ላይ ስለ ነበሩ ናሙና መውሰድ አልተቻለም። ነዋሪዎቹ በቦታው ተህዋስያን እንደሚያራቡ ታውቋል። ሽታ አለ።» ሁለተኛውና ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር እውነት ናቸው፤ ፍግና ገረባ ሽቶ አይሸትም። የመጀመሪያውም ቢሆን በክፋት የተጻፈ አይደለም፤ የጻፉት ሰው በዓይናቸው ያዩትን፣ በአፋቸውም የቀመሱትን ነው የመሰከሩት። ችግሩ ሦስቱ በአንድ ገጽ ላይ ተከታትለው መቀመጣቸው ነው። በጽሕፈት ቤትዎ ሌላኛው ክፍል ያሉት ባለሙያዎች ወረቀቱን ሲያነቡ ሞት፣ ተህዋስያንና ሽታ አገኙ፤ ማንም ጤነኛ አእምሮ ያለው ሰው የሚደርስበት መደምደሚያ ላይ ደረሱ። ስልክ መደወል ይቻል ነበር። የአቶ ጀይሉ ስልክ ቁጥር በአቤቱታዎቻችን ሁሉ ግርጌ ተጽፏል።

ሦስተኛ፣ ስለ በረኪናው። ረጪዎቹ የመጡት ዓርብ ነው፤ ሙስሊሞቹ ጁምዓ ላይ ነበሩና ክምሩን የሚያገላብጡት እነ ወይዘሮ የሺእመቤት ነበሩ። ከእግር እስከ ራሳቸው ነጭ የለበሱ፣ አፍና አፍንጫቸውን የሸፈኑ፣ በጀርባቸው መርጫ ያዘሉ ወጣቶች ከፒክአፕ ወረዱ። ወይዘሮ የሺእመቤት አካፋቸውን ይዘው ከፊታቸው ቆመው «ምን ልታደርጉ ነው ልጆቼ?» ቢሏቸው «ጀርም ልንገድል ነው፣ እናቴ» አሏቸው። «የቱን ጀርም? እኛ የምናበላውን?» ሲሏቸው አንዱ ልጅ መርጫውን አስተካከለ። «እናቴ፣ ራቅ ይበሉ። ሰው ገድሏል ተብለን ነው የመጣነው።» «ማንን ገደለ?» «እሱ ሪፖርቱ ላይ ነው ያለው።»

ክቡር ሆይ፣ እነዚያ ወጣቶች ሥራቸውን እንዴት ባለ ትጋት እንደ ሠሩ ልመሰክርላቸው እወዳለሁ። ከላይ ብቻ ረጭተው ቢሄዱ ኖሮ ከሥር የሚተርፍ ነገር ይኖር ነበር፤ እነሱ ግን የተላኩበትን ሥራ ለይስሙላ የሚሠሩ አይደሉም። ክምሩን በአካፋ ንብርብር በንብርብር እየገለጡ ረጩት። አካፋው የእኛ ነበር። በአዲስ አበባ ውስጥ የመንግሥት ሥራ እስከዚህ ጥግ ድረስ ተሟልቶ የተፈጸመበትን ሌላ ቀን አላስታውስም። አቶ ጀይሉ ከመስጊድ ሲመለሱ ልጆቹ ዕቃቸውን እየጫኑ ነበር፤ እሳቸውም አልተቆጧቸውም፤ ከእድሩ ጀሪካን ውኃ ቀድተው እጃቸውን አስታጠቧቸው። ከዚያ ፌሮውን መዝዘው ጨበጡት። ቀዝቅዞ ነበር። ከበረኪናውና ከመገላበጡ ነው፣ ትንሽ ቢቆይ ይሞቃል ተባለ። ሰነበተ፤ አልሞቀም። ሳያት ከዚያ አፈር ላይ የዘራችው ፌጦም እስከ ዛሬ ድረስ ጣሳው ውስጥ ፍሬ እንደ ሆነ ተቀምጧል።

ሞት ያልነበረበት ቦታ ለቅሶ ደረሳችሁ፤ ለቅሶው እውነት እንዲሆን ብላችሁ ደግሞ የሚሞት ነገር አገኛችሁለት። የተረጨው በረኪና ወዴት እንደ ወረደ አልጠይቅዎትም። ቁልቁለቱን ከላይ ገልጬዋለሁ።

አራተኛ፣ ተስፋ ስላልቆረጡብን አመሰግናለሁ። ባለፈው ሳምንት በደረሰን ማስታወቂያ መሠረት፣ በነዋሪዎች ተነሣሽነት የተጀመረው ሥራ «ውጤት ያላስገኘ በመሆኑ» ተቋርጦ፣ ክምሩ በገልባጭ መኪና ተጭኖ ወደ ቆሼ ቆሻሻ መጣያ እንዲወሰድ፣ ቦታው በቀይ አፈር ተደልድሎ ምንጣፍ ሣር እንዲለብስና መቀመጫ እንዲሠራለት ተወስኗል። ሣሩ እንደሚያምር አልጠራጠርም። የሣር ሥር ግን ጣት የሚያህል ነው፤ ዘይቱ ደግሞ የሰው ቁመት ያህል ወርዷል፤ እኛ ገና የላይኛውን ብቻ ነበር የቆፈርነው። ቀዩ አፈር ጥቁሩን ከዓይን ይጋርደዋል፤ ከውኃ ግን አይጋርደውም። ወደ ቆሼ የሚሄደውንም በተመለከተ፣ እዚያ ቆሻሻ እየለዩ የሚያድሩ ሰዎች እንደ እኛው በአፍንጫቸው የሚተነፍሱ መሆናቸውን፣ ምናልባት በጥናቱ ውስጥ ሳይካተት ቀርቶ እንደ ሆነ፣ በትሕትና አስታውሳለሁ። የኮልፌን ዘይት ከአንዱ ድሀ ደጅ አንሥቶ በሌላው ድሀ ደጅ መድፋት ማጽዳት ከተባለ፣ የጋራዡ ባለቤትም በዘመናቸው ሲያጸዱ ነበር የኖሩት።

አምስተኛ፣ ለምረቃው በዓል ስለ ጠሩን፣ የእንግዳ ወንበር ከእድራችን እንድናመጣም ስለ ጠየቁን አመሰግናለሁ።

ምስጋናዬ እዚህ ላይ ያበቃል። የቀረው አንድ ጉዳይ ነው፤ እሱን ያለ ጌጥ ልንገርዎት።

ወይዘሮ አልፊያ በረኪናው ከተረጨበት ቀን ጀምሮ በየማለዳው አንድ ነገር ያደርጋሉ። በሩን ለጀሪካን ሰልፈኛ ከመክፈታቸው በፊት ባልዲ ያወጣሉ፤ ውኃውን በመዳፋቸው ዘግነው ያሸቱታል፤ ከዚያ ይጎነጩታል። ለሰው የሚያቀርቡትን አስቀድሞ መቅመስ እናታቸው ያሳደገቻቸው ወግ ነው። ከቀመሱ በኋላ ጥቂት ይቆያሉ፤ ከዚያ «ግቡ» ይላሉ። ሳያት ይህን ስታይ ልቧ ተነካና፣ «እማማ አልፊያ፣ በአላህ ይተዉ፤ ይሄ ነገር እኮ በምላስ አይለካም» ብላ እጃቸውን ያዘች። የመለሱላትን ቃል በቃል እጽፍልዎታለሁ፦ «ታዲያ የሚለካው ሰውዬ ለቅሶ ደርሶን ሄደ። በምን ልለካው ልጄ?»

ጎረቤት ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ቢሆንም ፈረቃው በሚዘልልበት ቀን ጀሪካኑን ይዞ ይሄዳል፤ ሌላ መሄጃ የለውማ። ወይዘሮ አልፊያም ሰው በራቸው ላይ ቆሞ ባዶ ጀሪካን ይዞ እንዲመለስ አይሆንላቸውም። ባለቤታቸው ጉድጓዱን ያስቆፈሩት ለመንገደኛም ጭምር ምጽዋት እንዲሆን ብለው ነበር። አሁን ምጽዋቱ ምን እንደ ሆነ አያውቁትም። ከዚህ ሰፈር ለጽሕፈት ቤትዎ የቀረበው ጥያቄ ሁሉ ቢጨመቅ ይኸው ነው፦ አንዲት ሴት ለጎረቤቷ ውኃ እየሰጠች ይሁን መርዝ፣ እንድታውቅ ይፈቀድላት።

ሳያት ነገሩ አላለቀም ትላለች። ገና ባልተቆፈረው መሬት ውስጥ ዘይቱን የሚበሉት ተህዋስያን አሉ፤ ከዚያ አፈር ወስዶ፣ የበረኪናው ኃይል እስኪያልቅ ክምሩን አናፍሶ፣ አዲስ ፍግና ገረባ ጨምሮ እንደገና መጀመር ይቻላል። ቀድሞ የነበረበት ለመድረስ ጊዜ ይፈልጋል፤ ይህን የምጽፍልዎ ደግሞ በግንቦት ነው፤ ሰኔ ደጃችን ላይ ነው። ቢያንስ ከክምሩ በላይ ያለው የጎርፍ መሄጃ እንዲቀየር፣ ገልባጩ እንዳይመጣ፣ የናሙና ዕቃ የያዘ ሰውም እንዲመጣ እንለምናለን። ድንኳን እንደማያይ ቃል እንገባለታለን፤ አንገታችንንም ቀና አድርገን እንቀበለዋለን። ቢቻል ደግሞ «የሞት አደጋ ደርሶ» የሚለው ይሰረዝ፤ ሟች ፍለጋ ላይ ያሉ ሌሎች መሥሪያ ቤቶች ገና እንዳይመጡብን እንሰጋለን።

የጽሕፈት ቤትዎ ሣር ይለምልም፣ ማኅተምዎ አይድረቅ፣ የምረቃዎ ሪባን ነፋስ አይንካው እያልኩ፣ ከቁልቁለቱ በታች ሆኜ ወደ ላይ የምመለከትዎ፣ ጊዜዎን በማባከኔ ይቅርታዎን የምለምን፣ ከክምሩ የዓርብ ተራ አገላባጮች አንዱ የሆንኩት፣

ጌታሁን ይገዙ
ኮልፌ ቀራኒዮ፣ ከአሮጌው ጋራዥ ሥር

ይህ ከተጻፈ በኋላ የተጨመረ፦ ደብዳቤውን ልልክ ስወጣ በወይዘሮ አልፊያ በር አልፌ ነበር። ዛሬ ማለዳ ቀምሰው ጉድጓዱን ከደኑት። ምን እንደ ቀመሱ አልተናገሩም፤ ለተሰለፉት ሰዎች «ዛሬ የለም፤ ነገም አትልፉ» ብቻ ብለው በክዳኑ ላይ ድንጋይ ጫኑበት፤ ቤታቸው ገብተው ከውስጥ ቆለፉ። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ በሚቀጥለው ሪፖርትዎ «በአካባቢው ከተበከለ ጉድጓድ የሚጠጣ ነዋሪ የለም» ብለው ያለ ስጋት መጻፍ ይችላሉ። ማንንም ልኮ ማረጋገጥ አያስፈልግዎትም፤ ያረጋገጡልዎት ወይዘሮ አልፊያ ናቸው፣ በምላሳቸው።